ዳብልስ በቤታችሁ፦ የትሪኒዳድ የመንገድ ዳር ቁርስ

ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ እንቁላልና ወተትም አይገባበትም። ሽምብራ፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ዘይትና ቅመም ቤት ውስጥ ካለ ዳብልስ መሥራት ይቻላል። ጾም ገብቶ ሽሮውም ምስሩም ለሰለቸው ሰው ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለኝም።

ዳብልስ ማለት ሁለት ለስላሳ ቢጫ ቂጣና በላያቸው የሚፈስ በከሪ የተሠራ ሽምብራ ነው። ቂጣው ባራ ይባላል፣ ሽምብራው ቻና። ከላይ የሚጎመዝዝ፣ የሚጣፍጥና የሚያቃጥል ማባያ ይደረግበታል። አገሩ ትሪኒዳድ ነው፤ ከቬንዙዌላ ጠረፍ አጠገብ ያለች፣ ጃንሆይ በ1958 ዓ.ም. ጃማይካ ከመድረሳቸው በፊት የጎበኟት ደሴት። እዚያ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሞ የሚበላው ቁርስ ነው። ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረውም ቤቱ ከመግባቱ በፊት እዚያው ይሰለፋል።

ከየት መጣ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነት በ1830ዎቹ ሲቀር የትሪኒዳድ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሠራተኛ አጡ። ባለ እርሻዎቹ ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። ፋቴል ራዛክ የምትባል መርከብ ከካልካታ ተነስታ ሜይ 30 ቀን 1845 ትሪኒዳድ ደረሰች። የጫነቻቸው የኮንትራት ሠራተኞች ከ200 በላይ ነበሩ። ይህ የኮንትራት ሥራ በ1917 እስኪቆም ድረስ ከ140,000 በላይ ሕንዳውያን ወደ ደሴቲቱ ሄዱ። አብዛኞቹ ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ከሚባሉት የጋንጅስ ሜዳዎች የመጡ የገጠር ሰዎች ናቸው። ሜይ 30 አሁን በትሪኒዳድ ሥራ የሚዘጋበት የበዓል ቀን ነው።

እነዚህ ሰዎች ከሙኑንና እርዱን፣ ሊጥ በዘይት የመጥበስ ልማዱን ይዘው መጡ። በሰሜን ሕንድ ዛሬም ቾሌ ባቱሬ የሚባል ምግብ አለ፤ ትልቅ የተጠበሰ ቂጣ ከሽምብራ ወጥ ጋር በሳህን ይቀርባል። ዳብልስ የእሱ ዘመድ ነው፤ ሳህኑን ጥሎ ጎዳና የወጣ። በብዛት የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1936 በደቡብ ትሪኒዳድ፣ ፕሪንስስ ታውን በምትባል ከተማ፣ ሰው ማሙ ዲን ይለው የነበረ ኢማሙል ዲን የሚባል ነጋዴ ሽምብራ በአንድ ባራ ላይ እያደረገ ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ ባራውን እጥፍ አድርግልን ማለት ጀመሩ። እጥፍ በእንግሊዝኛ «ዳብል» ነው፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ።

በነገራችን ላይ አንድም ብትገዙ «አንድ ዳብልስ» ነው፣ አሥርም ብትገዙ «አሥር ዳብልስ» ነው። የመጨረሻዋን «ስ» ቆርጣችሁ «አንድ ዳብል» ካላችሁ እንግዳ መሆናችሁ ወዲያው ይታወቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቻናውን ወጥ መሥራት የሚችል ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ባራው ነው፤ የሚያስቸግረውም እጃችን ሌላ ነገር ስለለመደ ነው። ብስኩትና ሳምቡሳ የሚጠብስ ሰው ጠንከር ያለ ሊጥ ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ይነሰንሳል፣ በመዳመጫ ይዳምጣል፣ ቡናማ እስኪሆን ይጠብሳል፣ ሲነከስ ኩርሽም እንዲል ይፈልጋል። ባራ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዱቄት አይነሰነስበትም፣ መዳመጫ አይነካውም፣ ዘይት ውስጥ የሚቆየው በሰከንድ ነው። ኩርሽም ካለ ተበላሽቷል።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ሊጡ እጄ ላይ ሲልመጠመጥ አሳዘነኝ። አንድ እፍኝ ዱቄት ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ሌላ እፍኝ። ሲያምር፣ ድብልብል ብሎ ሲቀመጥ ደስ አለኝ። ስጠብሰውም ኳስ አክሎ ተነፋ፣ እኔም ተነፋሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባራዎቹ እንደ ጫማ ሶል ደርቀው ነበር። እንግዶቼ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉም፤ ሽምብራውን በዳቦ በሉት።

ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሽምብራው እሳት ላይ ሳለ ሊጡን ታቦካላችሁ፤ ሊጡ ሲነሳ ቻናውንና ማባያዎቹን ትጨርሳላችሁ፤ ጥብሱ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በታች ያለው ልክ 8 ዳብልስ፣ ማለትም 16 ባራ ይወጣዋል። ለ4 ሰው ነው። አንድ በልቶ የሚያቆም ሰው ብዙ አላየሁም።

ማታ፦ ሽምብራውን መዘፍዘፍ

ሩብ ኪሎ ሽምብራ ለቅማችሁ እጠቡ። ትልቁ ነጭ ሽምብራ ነው የሚሻለው፤ በትሪኒዳድም የሚሠራው በእሱ ነው። ትንሹ ቡናማ የአገራችን ሽምብራም ይሆናል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ግን 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ መልኩም ጠቆር ይላል። በብዙ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበትና ተኙ።

ጠዋት ውኃውን ድፉት። ሽምብራውን ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ ሶዳው ከቀረበት ሳሙና ሳሙና ይላል። በአዲስ ውኃ ቀቅሉት። በፕሬዠር ኩከር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በተራ ድስት አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ትዕግሥት ጨምሩበት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጥራጥሬ ይዘገያል። የበሰለ መሆኑን ለማወቅ አንድ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያዙ። ሳትታገሉ ከተዳጠ በስሏል። ቅርጹን ይዞ ውስጡ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ገና ነው። ለሰላጣ የሚሆን ሽምብራ ለዳብልስ ጥሬ ነው። የተቀቀለበትን ውኃ እንዳትደፉት።

የቆርቆሮ ሽምብራ ያላችሁ ሁለት ቆርቆሮ ውሰዱ። እሱንም ቢሆን ሩብ ሰዓት በውኃ ቀቅሉት፣ እንደመጣ ይጠነክራል።

ከሪው

የተዘጋጀ የከሪ ዱቄት ገዝታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ የትሪኒዳድ ባለ ሙያ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ቅመሙ ሁሉ ከእኛ ጓዳ የማይጠፋ ስለሆነ እኔ ቤት ውስጥ ማዘጋጀቱን እመርጣለሁ። 3 የሾርባ ማንኪያ የድንብላል ፍሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ ከአብሽ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከሰናፍጭና ከእንስላል ፍሬ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ። በደረቅ መጥበሻ በትንሽ እሳት ሽታው እስኪወጣ አመስ አመስ አድርጋችሁ ፍጩት። አብሹ ካረረ ይመርራልና ዓይናችሁን አትንቀሉ። ሲፈጭ 2 የሾርባ ማንኪያ እርድ ቀላቅሉበት። በርበሬም ሚጥሚጣም አይገባበትም። የትሪኒዳድ ከሪ ራሱ አያቃጥልም፤ ማቃጠሉ የማባያው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ቅመም ተራ ሄዳችሁ «አዝሙድ» ካላችሁ ወይ ነጭ አዝሙድ ወይ ጥቁር አዝሙድ ይሰጧችኋል። ሁለቱም ከሙን አይደሉም። ነጭ አዝሙድ ከገባበት ቻናው ሌላ ነገር ይሆናል፤ መጥፎ አይደለም፣ ዳብልስ ግን አይደለም። «ከሙን» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፣ እጃችሁ ላይ አሹት፣ አሽትቱት። ትሪኒዳዶች ጊራ ይሉታል። ከቻናው ሽታ ግማሹ እሱ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሙን ለብቻው በደንብ ቁላችሁ ፍጩና አስቀምጡ። ይኼኛው ጠቆር እስኪል ይቆላ። ለሊጡም፣ ለቻናው መጨረሻም፣ ለማባያውም ያስፈልጋችኋል።

ሊጡ

300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ከሙን። እነዚህን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ቀላቅሉ። 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አዘጋጁ። ዱቄት ሁሉ ውኃ የሚጠጣው እኩል አይደለምና መጀመሪያ 220 ያህሉን ብቻ ጨምሩ። በእጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ አማስሉት። ከዚያ ቀሪውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ።

መቼ ነው የሚበቃው? ከዳቦ ሊጥ ቀጥኖ፣ ከእንጀራ ሊጥ ደግሞ በጣም ወፍሮ በመሀል የሆነ ነገር ነው። እጃችሁን ስታነሱ አብሮ ይነሳል፣ ይሳባል፣ ከዚያ በቀስታ ይወርዳል። ሳህኑ ውስጥ ቅርጹን አይዝም። ይኼኔ እጃችሁ ወደ ዱቄቱ ፌስታል መሄድ ይፈልጋል። ተዉት። ከሳህኑ ጠርዝ ወደ መሀል እያጠፋችሁ ለ3 ደቂቃ ያህል አሹት፣ ይበቃል። ላዩን ዘይት ቀቡት፣ ሸፍኑት፣ እጥፍ እስኪሆን ድረስ አስቀምጡት። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ደጋ ላይ ሊጥ ቶሎ ስለሚነሳ ሰዓት ከማየት ሊጡን ማየት ይሻላል።

ሌላም ማሳሰቢያ፦ እርድ የነካው ጨርቅ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትጀምሩ።

ቻናው

ይኼ በርበሬ አቁላልቶ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። 2 የሾርባ ማንኪያ ከሪ በሩብ ኩባያ ውኃ በጥብጣችሁ እንደ ድልህ አድርጉት። በድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ አቁላሉ። ለስለስ ሲል 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይግባ። ወዲያው የበጠበጣችሁትን ከሪ ጨምሩ። ይጮኻል፣ ይፈናጠራል፣ አትደንግጡ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እያማሰላችሁ አቁላሉት፤ ውኃው ሄዶ ድልሁ ከድስቱ ግርጌ መያዝ ሲጀምር፣ ዘይቱም ጠርዝ ጠርዙን መታየት ሲጀምር ደርሷል። ከሪ በደንብ ካልተቁላላ ጥሬ እርድ እርድ ይላል፤ በኋላ ምንም ብትጨምሩበት አይጠፋም።

አሁን የበሰለውን ሽምብራ አጠንፍፋችሁ ጨምሩ። ድልሁ ሁሉንም ፍሬ እስኪያለብሰው ድረስ አገላብጡት። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከዚያ ከተቀቀለበት ውኃ ሽምብራውን እስኪሸፍነው ድረስ። ለ25 ደቂቃ ያህል በመጠነኛ እሳት ይንተክተክ። በመሀሉ በጭልፋ ጀርባ ከፍሬው ሩቡን ያህል ከድስቱ ጋር እያጣበቃችሁ ዳጡት። መረቁን የሚያወፍረው የተዳጠው ነው። ሲወርድ 1 የሻይ ማንኪያ የተቆላ ከሙንና አንድ እጅ የተከተፈ ቅጠል ጨምሩበት።

ቅጠሉ ሻዶ ቤኒ ይባላል፤ ረጅም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ፣ ሽታው ድንብላል የሚመስል ግን በብዙ እጥፍ የሚበረታ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ በቬትናሞችና በላቲኖች መደብር ታገኙታላችሁ፤ ላቲኖቹ ኩላንትሮ ይሉታል። ካላገኛችሁ የድንብላል ቅጠል በሦስት እጥፍ ጨምሩ።

የቻናው ውፍረት ላይ አቋም አለኝ። ከምስር ወጥ ይቅጠን። ባራው ላይ ሲደረግ መረቁ ፈሰስ ማለት አለበት። ድስት ውስጥ ልክ ነው ብላችሁ ካወረዳችሁት ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላልና ሩብ ኩባያ የፈላ ውኃ ጨምራችሁ አውርዱ። ሽምብራው ተለይቶ፣ ዘይቱ ተለይቶ የቀረበ ዳብልስ ያሳዝነኛል።

ማባያዎቹ

ሁሉንም መሥራት አይጠበቅባችሁም። ከጎምዛዛው ግን አንዱ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ምግቡ ሊጥና ሽምብራ ብቻ ሆኖ ይከብዳል።

የሁመሩ ይቅደም። ሁመር ድሬዳዋና ሐረር የምታውቁት ነው፤ ዓረብ አገር ያላችሁ ተምር ሂንዲ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። 100 ግራም ያህል በአንድ ኩባያ ተኩል ሙቅ ውኃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። በእጃችሁ እያሻችሁ ሥጋውን ከፍሬው አላቁ፣ በወንፊት አጥልሉ። ውኃውን በትንሽ ድስት ከ4 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከአንድ ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ከቆንጠር ከሙን ጋር 10 ደቂቃ አፍሉት። ከማንኪያ ላይ እንደ ቀጭን ማር ከወረደ ይበቃል።

የኪያሩ በሩብ ሰዓት ይሠራል። አንድ ኪያር ፈቅፍቁ፣ ጨው ነስንሱ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ጨምቁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ የተከተፈ ቃሪያ። አለቀ። ማንጎ ባለበት ወቅት ጥሬ አረንጓዴ ማንጎ በዚያው መንገድ ተፈቅፍቆ ይሠራል። ምርጫ ካለኝ እኔ ማንጎውን ነው የምመርጠው።

የሚያቃጥለው ደግሞ ከስኮች ቦኔት ቃሪያ ነው የሚሠራው፤ እንደ ቆብ ጠፍጠፍ ብላ ሽታዋ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የምትል። የእሷ የቅርብ ዘመድ ሃባኔሮ ነው። 4 ፍሬ ቃሪያ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቅጠል፣ ሩብ ኩባያ ኮምጣጤ በሚክሰር ፍጩ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ሚጥሚጣ በኮምጣጤ በጥብጦ መተካት ይቻላል፤ ያቃጥላል፣ ያ የፍራፍሬ ሽታ ግን አይኖረውም። በሚጥሚጣ ያደግን ሰዎች አይነካንም ማለት ይቀናናል። ትሪኒዳድ የሞሩጋ ስኮርፒዮን አገር ናት፤ በ2012 የኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለኳቸው ቃሪያዎች ሁሉ በጣም የሚያቃጥለው እሱ ሆኖ ነበር። መንገድ ዳር ሻጩ ቃሪያ ምን ያህል ልጨምር ብሎ ሲጠይቅ ልምድ የሌለው ሰው «ስላይት» ይላል፣ ትንሽ ማለቱ ነው። ልምድ ያለውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይላል።

ጥብሱ

ሊጡ ተነስቷል። አሁን ጠረጴዛው ላይ ወይም በትልቅ ትሪ ላይ ዘይት ቀቡ። እጃችሁንም እስከ አንጓው ቀቡ። ሊጡን ተጫኑና አየሩን አስወጡ። ከሎሚ ትንሽ ከፍ የሚል፣ 35 ግራም ያህል እየቆነጠራችሁ አድበልብሉ። 16 ይወጣል። ትሪው ላይ አራርቃችሁ ደርድሩ፣ ሸፍኑ፣ 15 ደቂቃ ይረፉ። ይህችን ዕረፍት ከዘለላችሁ ስትዘረጉት ተመልሶ ይሰበሰባል።

ዘይቱ በብረት ድስት ወይም በጎድጓዳ መጥበሻ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። በደንብ ይጋል፤ መለኪያ ካላችሁ ከ180 እስከ 190 ዲግሪ። ከሌላችሁ የሊጥ ፍርፋሪ ጣሉበት። ወዲያው ተንሳፎ ከተንጫጫ ደርሷል። ግርጌ ቆይቶ ከወጣ ገና ነው። ዘይቱ ሳይግል የገባ ባራ ዘይት ጠጥቶ ይወጣል።

አንዷን ድብልብል ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ አድርጉ። በጣታችሁ ጫፍ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ዘርጉት። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ብርሃን ሊያሳልፍ እስኪል የሳሳ ይሁን። ክብነቱ አያስጨንቃችሁ። ከዚያ አንሱት። ይንጠለጠላል፣ ይለጠጣል፣ ወዲያው ዘይቱ ውስጥ አስገቡት፣ ከእናንተ አርቃችሁ።

አሁን ቁጠሩ። ከ8 እስከ 10 ሰከንድ። ወገብ ወገቡ ላይ ሲነፋ ገልብጡት። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ። አውጡት። ቢጫ እንደሆነ ይወጣል፤ ቡናማ ነጥብ ከታየበት ዘግይታችኋል። «ይህ እኮ አልበሰለም» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፣ ለእኔም መጥቶብኝ ነበር። የሳሳ ሊጥ በዚያ ሙቀት ውስጥ በዚያች ጊዜ ይበስላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መጀመሪያ አራት አምስቱን ዘርግታችሁ ከዚያ ጥበሱ። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ይዘርጋ፣ አንዱ ይጥበስ፤ ቀልጣፋው ሰው ዘርጊው ይሁን።

ከዘይቱ የወጣው ባራ የት ነው የሚገባው? ብዙ መመሪያ ይህችን ይዘልላታል። ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ፣ በጨርቁ ሸፍኑ፣ ክደኑ። ሻጮቹም ባራውን የሚይዙት በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ነው። እኔ የምጠቀመው በአገልግል ነው፣ የተፈጠረለት ይመስላል። ባራው በገዛ እንፋሎቱ ይለሰልሳል፤ ሲወጣ ትንሽ ደረቅ ያለው ጠርዝ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ሳህን ላይ ገልጣችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ሥራችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

እንዲህም ሆኖ ከከሸፈ ችግሩ ከሦስት አያልፍም። ባራው ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ከሆነ ሊጡ ውኃ አንሶታል ወይም ዘይት ውስጥ ብዙ ቆይቷል። ዘይት ከጠጣ ዘይቱ አልጋለም። ጨርሶ ካልተነፋና ክብደት ካለው ሊጡ አልተነሳም ወይም ስትዘረጉት አላሳሳችሁትም።

መጠቅለልና መብላት

ትሪኒዳድ ውስጥ ኩሬፕ መስቀለኛው ላይ ወይም ደቤ ቆማችሁ ብታዩ ሻጩ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዓይን ሳይከተለው ነው። በግራ መዳፉ ላይ አራት ማዕዘን ወረቀት ይዘረጋል። ሁለት ባራ፣ አንዱ አንዱን ግማሽ በግማሽ ደርቦት። አንድ ማንኪያ ቻና መሀሉ ላይ። ከዚህኛው ዕቃ ጠብ፣ ከዚያኛው ጠብ፣ የማንኪያዋን ጫፍ ቃሪያው ውስጥ ነክሮ ጠረግ። ወረቀቱን ሰብስቦ ሁለቱን ጫፍ ይዞ አንድ ጊዜ ያሽከረክረዋል። ተጠቀለለ፣ ቀጣዩ ሰው።

ቤት ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት 25 ሳንቲ ሜትር በ25 ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ቻናው ትኩስ ይሁን፣ ለአንድ ዳብልስ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ጠቅልላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት፤ መረቁ ባራው ውስጥ ይገባል።

ሲበላ ወረቀቱን መዳፍ ላይ ትፈቱታላችሁ። እንደ ሳንድዊች አንስቶ መንከስ ከጀመራችሁ ቻናው እጅጌ ውስጥ ይገባል። ከባራው ጠርዝ ቁራጭ ቅደዱ፣ በእሱ ሽምብራውን ዝቁበት፣ ጉረሱ። እጃችን ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሳይማር የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ መረቅ የጠጣው የታችኛው ባራ ብቻውን ይቀራል፤ እሱን አጣጥፋችሁ በአንዴ። ወረቀቱ ላይ የቀረውን የሁመር ጠብታ በጣት መጥረግ ነውር የለውም።

ባራ ለነገ አይሆንም፣ በዚያው ቀን ይለቅ። የተረፈ ሊጥ ካለ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ቻናው ግን አድሮ ይብሳል፤ ጠዋት ውኃ ጠብ አድርጋችሁ አሙቁትና ያለ ባራም በእንጀራ ብሉት።